የሰውን ፊት ስለ ማንሣት

የሰው ቤት ስንደርስ፣ ደጁ ክፍት ቢሆንም እንኳ፣ «ቤቶች!» ብለን ድምፃችንን ሳናሰማ አንገባም። በውስጥ ያለው ሰው ነጠላውን እስኪያስተካክል፣ እናትም ሕፃንዋን ከጡት እስክታነሣ ድረስ ከደጅ ቆመን እንጠብቃለን። ይህን ሥርዐት ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም፤ ወላጆቻችን ናቸው። የደጅ ክፍት መሆን የመግባት ፈቃድ እንዳልሆነ ገና በልጅነታችን ተረድተነዋል። ዳሩ ግን በዛሬው ጊዜ ማንም ሳያንኳኳ የሚገባበት አንድ ደጅ ተገኝቷል፤ እርሱም የሰው ፊት ነው። በየኪሳችን የያዝነው ስልክ ሁሉ ፎቶግራፍ ማንሻ ሆኗልና፣ በመንገድ፣ በገበያ፣ በበዓል አደባባይ የምናገኘውን የማናውቀውን ሰው በዐይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ አንሥተን፣ እርሱ ሳያውቅ ምስሉን ይዘን መሄድ እንችላለን። መቻልና መገባት ግን ልዩ ልዩ ነገሮች ስለ ሆኑ፣ በዚህ ወር ከአንባቢዎቻችን ጋራ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ልንነጋገር ወደድን።

በመስከረም ወር ወደ መስቃን የወረደ ሰው ይህን ነገር ከየትም ይልቅ አጉልቶ ያየዋል። ከአዲስ አበባ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በቡታጅራ መንገድ ላይ አውቶቡሱና ታክሲው ሁሉ ለመስቀል ወደ አገሩ በሚገባ ሰው ይሞላል። ጉራጌ ዓመቱን ሙሉ በየከተማው ሲነግድና ሲሠራ ቢከርም፣ ለመስቀል ወደ ወላጆቹ ደጅ መመለስን እንደ ስእለት ይቈጥረዋልና። ቅቤው ይነጠራል፣ ክትፎው ይከተፋል፣ ቆጮው ይጋገራል፤ የቡታጅራም ገበያ በበርበሬው፣ በቅቤውና በእንስራው መካከል መተላለፊያ እስኪጠፋ ድረስ ይጠባል። በከተማ ተወልደው ያደጉት ልጆችም ስልካቸውን አውጥተው የአያታቸውን ጎጆ፣ የጓሮውን እንሰት፣ የዘቢዳርን ተራራ፣ የገበያውንም ሰው ያነሣሉ። ይህን አንነቅፍም፤ የአባቶችን አገር ከመውደድ የሚመጣ ነውና። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም፣ የጥምቀትም በዓል በ2012 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ ከሰው ልጅ ቅርሶች ጋራ ተጽፈዋል፤ ዓለም ሊያያቸው መሻቱ፣ እኛም ልናሳያቸው መውደዳችን ተገቢ ነው። ጥያቄያችን በዓሉን ስለ ማንሣት አይደለም፤ በበዓሉ መካከል ስላለው፣ ስሙን ስለማናውቀው ስለ አንድ ሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስቀል ዋዜማ በዚያው ገበያ የሆነውን እንጥቀስ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በእንሰት ቅጠል የጠቀለሉትን ቆጮ ይዘው ከገበያው ዳር ተቀምጠው ነበር። ያን ዕለት ዝናብ ስለ ነበረ ራሳቸውን በላስቲክ ሸፍነው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ የሥራ ቀሚሳቸውን እንደ ለበሱ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠባበቁ ነበር። አንድ ወጣት እንግዳ ከማዶ ቆሞ አነሣቸውና ሄደ። ማታውን ምስላቸውን በፌስቡክ አወጣው፤ ከበታቹም ስለ ድህነትና ስለ ተረሱ እናቶች ልብ የሚነካ ነገር ጻፈበት። ብዙ ሰው አለቀሰበት፤ ብዙም ሰው ለሌላው አስተላለፈው። በሦስተኛው ቀን ምስሉ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከልጃቸው ባልደረቦች እጅ ደረሰ። እኒያ እናት ግን የተረሱ አልነበሩም። አራት ልጆች በዚያው ንግድ አሳድገው ያስተማሩ፣ የዕድርና የዕቁብ ክፍያቸውን አንድ ቀን ያላሳለፉ፣ በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ማኅበር የሚጠጡ የተከበሩ ሴት ነበሩ። ነገሩን በሰሙ ጊዜ የተናገሩት ቃል ይህ ብቻ ነው፦ «እኔ ለሰው ሰጥቼ ዐውቃለሁ እንጂ ለምኜ አላውቅም፤ ዝናብ ቢመታኝ ለማኝ ሆንሁ?» ከዚያም በኋላ የመስቀሉ ሰሞን እስኪያልፍ ድረስ ከገበያ አልወጡም።

ይህ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም የራራ መስሎት ነው። ስሕተቱ ግን በርኅራኄው ውስጥ የተሸሸገ ነው። እርሱ ያየው የአንድ ሰዓት ዝናብ ነበር፤ የጻፈው ግን የአንድ ሰው ሙሉ ሕይወት አድርጎ ነው። ቀርቦ «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ? ቆጮው ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ያን ሁሉ ከራሳቸው አንደበት በሰማ ነበር። ፎቶግራፍ የፊትን መልክ ያሳያል እንጂ የሰውን ታሪክ አይናገርም፤ ታሪኩን የሚጽፍበት ያነሣው ሰው ነው። ስለዚህም የማናውቀውን ሰው ምስል ለዓለም ስናወጣ፣ ስለማናውቀው ሰው ምስክርነት እንደምንሰጥ ልናስብ ይገባናል፤ በሐሰት መመስከር ደግሞ ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ የከለከለው ነው።

ምናልባት «ሴትዮዋ አይተው ዝም ካሉ ፈቀዱ ማለት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። የአገራችንን ሰው ጠባይ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እንግዳን መከልከል ነውር መስሎ ስለሚታየን፣ ልባችን እየተከፋ አፋችን እሺ ይላል፤ ይልቁንም ጠያቂው ጥሩ ለብሶ፣ ትልቅ ካሜራ ይዞ፣ ከከተማ ወይም ከውጭ አገር የመጣ እንደ ሆነ የገጠሩ ሰው አይሆንም ለማለት ይቸገራል። እንግዲህ ትሑት የሆነ ፎቶግራፍ አንሺ ቃልን ብቻ ሳይሆን ፊትንም ያነብባል። ፊቱን ያዞረ፣ ነጠላውን ወደ ዐይኑ ያወረደ፣ ሕፃንዋን በጋቢ የሸፈነች፣ ሣቁ ከከንፈሩ ያላለፈ ሰው አልፈቀደም። አንዳንዷ እናት ሕፃንዋን የምትሸፍነው የሰው ዐይን እንዳያገኘው ፈርታ ነው፤ ፍርሃትዋን ብንቀበለውም ባንቀበለውም፣ የእናትነት መብትዋን ግን ማክበር ይገባናል።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር አንድ መልካም ምክር ይዞልናል። «ፎቶግራፍ ተነሣሁ» እንላለን፤ ተነሣሁ ማለት ደግሞ ከተቀመጥሁበት ብድግ አልሁ ማለትም ነው። የቀድሞው ሰው በእውነት ተነሥቶ ነበር የሚነሣው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንደ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች ቤተ መንግሥቱን ካገለገሉበት ጊዜ ጀምሮ፣ ኋላም በየከተማው ፎቶግራፍ ቤቶች እስከ ተከፈቱ ድረስ፣ መነሣት እንደ በዓል የሚቈጠር ነበር። ሰው ታጥቦ፣ ያማረውን ለብሶ፣ ልጆቹን በፊቱ አቁሞ፣ እጁን በጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ዐይኑን ወደ መስተዋቱ አቅንቶ ይነሣ ነበር። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የአያቶቻችን ምስሎች እንዲህ የተገኙ ናቸው። እነዚያ ፊቶች የተሰጡ ናቸው፤ ማንም አልሰረቃቸውም። ዛሬም በመስቃን አንዲትን አሮጊት ከማድ ቤት ደጃፍ ልናነሣ ብንሞክር «ቆይ ልጄ፣ ነጠላዬን ልልበስ» ማለታቸው አይቀርም። ወጣቶቹ በዚህ ይሥቃሉ፤ «እንዳሉት ነው የሚያምረው» ይላሉ። ሊሣቅበት ግን አይገባም። እኒያ እናት ለማያውቁት ዓለም በምን መልክ እንደሚቀርቡ ራሳቸው ሊወስኑ ይሻሉና፣ ነጠላው እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ሥዕል በሚሥሉ አባቶቻችንም ዘንድ ይህ ምሥጢር የታወቀ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳዎች ላይ ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በአንድ ዐይን በጎን ይሣላሉ። ሰውን ፊት ለፊት ማየት የማክበር ምልክት ነው። ሳያውቅ ከጎን፣ ከኋላ፣ ከመኪና መስኮት ውስጥ የሚነሣ ሰው ግን ይህ ክብር ይቀርበታል።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። በቁጥር 28 ግን ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ ሰውየው የታወቀ ወይም የመንግሥት ሥራ የያዘ እንደ ሆነ፣ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ ያስፈለገ እንደ ሆነ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት የሚጠቅም እንደ ሆነ፣ እንዲሁም በአደባባይ ከተደረገ ነገር ወይም ሕዝብን ከሚመለከት በዓል ጋራ የተያያዘ እንደ ሆነ ማለት ነው። በቁጥር 29 ደግሞ ያለ ፈቃዱ ምስሉ የወጣበት ሰው እንዲቆምለት ለመጠየቅ እንደሚችል ተደንግጓል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የሰውን ግላዊ ነገር በዚህ በአዲሱ ዘመን ለመጠበቅ የታሰበ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በደመራው ዙሪያ የቆመውን ሕዝብ፣ የዘማርያኑን ሰልፍ፣ በጥምቀት የሚወጣውን ምእመን በጠቅላላው ማንሣት ሕጉ አይከለክልም፤ በዓሉ የአደባባይ ነውና። ሁለተኛ፣ ሕጉ የሚናገረው ይልቁንም ምስሉን ስለ ማሳየት፣ ስለ ማባዛትና ስለ መሸጥ ነው፤ ክርስቲያናዊ ጨዋነት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እጃችን ወደ ኪሳችን ሲገባ ይጀምራል። ደግሞም ሕግ የፈቀደው ሁሉ ፍቅር የሚፈቅደው አይደለም። በደመራው ሕዝብ መካከል አንዲት በቅርቡ ልጅዋ የሞተባት እናት ስታለቅስ ብናገኛት፣ በዓሉ የአደባባይ ቢሆንም እንባዋ የአደባባይ አይደለም።

በዚህ ላይ የኦሪት ዘፍጥረት ዘጠነኛው ምዕራፍ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ይሰጠናል። ኖኅ ከወይኑ ጠጥቶ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን በተኛ ጊዜ፣ ካም አይቶ ወጣና በውጭ ለወንድሞቹ ነገራቸው። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ የኋሊት እየሄዱ የአባታቸውን ገበና ሸፈኑ። ካም ያየው ሳያስበው ነው ብንል እንኳ ወጥቶ መናገሩ ሳያስበው አልነበረም። በዚያን ጊዜ በውጭ የነበሩት ሁለት ወንድሞች ብቻ ናቸው፤ ዛሬ ግን «ውጭ» የምንለው ስፍራ መላውን ዓለም ያጠቃለለ ሆኗል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከስልክ የወጣ ምስልም የላከው ሰው ተጸጽቶ ቢያጠፋው ከሺህ ሰው እጅ ሊመልሰው አይችልም።

ይህን የምንለው ስለ ጠበል ቦታ እያሰብን ነው። ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው በሽታውን ለእግዚአብሔር ሊገልጥ እንጂ ለሰው ሊገልጥ አይሄድም። ልብሱን አውልቆ ይጠመቃል፤ አንዳንዱም ከሕመሙ ጽናት የተነሣ ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ በጤናው ቢሆን የማይናገረውን ይናገራል። እንደ ኖኅ ራሱን ሊሸፍን በማይችልበት ሰዓት ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በስልክ ቀርጾ በቲክቶክና በዩቲዩብ ማውጣት፣ ለእግዚአብሔር ተአምር ምስክር ነው ቢባልም፣ የካምን ሥራ መሥራት ነው። ነገ ድኖ ሥራ ሲፈልግ፣ ልጁን ሲድር፣ ጎረቤት ሲሆን ያ ምስል በየደረሰበት ይቀድመዋል። ዳነ የተባለው ሰው በልቡ ፈቃድ ሊመሰክር ቢወድ፣ ልብሱን ለብሶ፣ በጤናው ቆሞ ይናገር። ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሬሳን፣ ደረቱን የሚመታ ዘመድን፣ በመቃብር አፋፍ የወደቀች እናትን ማንሣት ኀዘንተኛውን ሁለተኛ መጉዳት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለውን ሥርዐት አንባቢዎቻችን ስለሚያውቁት በአጭሩ እናሳስባለን። ታቦት ተሸፍኖ የሚወጣው እንዲከበር ነው፤ በቅዳሴ ሰዓት፣ ይልቁንም ሥጋ ወደሙ ሲቀርብ፣ ካሜራ ማቅረብ የቆራቢውን ልብ ይበትናል፤ ካህናቱን ሳያስፈቅዱ ወደ ውስጥ ይዞ መግባትም አይገባም። ምጽዋት ስንሰጥም እንደዚሁ ነው። ጌታችን ቀኝ እጅ የሚያደርገውን ግራ እጅ እንዳያውቅ አዝዞናል። በደጀ ሰላም ለተቀመጠ ድኻ አንድ ዳቦ ሰጥቶ ፊቱን ለዓለም ማሳየት ግን ዳቦውን በፊቱ ዋጋ መሸጥ ነው።

ሥዕል ለመልካም ነገር ሊውል እንደሚችል አንክድም። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው፣ ማይክል በርክ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያቀረበው የረኃብ ምስል የዓለምን ልብ ባያናውጥ ኖሮ ብዙ ሰው ባለቀ ነበር። በዚያው ሰሞን በመቀሌ ልትሞት ነው የተባለች አንዲት ሕፃን በካናዳ ጋዜጠኞች ተነሥታ ነበር፤ ብርሃን ወልዱ ትባላለች። ምስልዋ በ1977 ዓ.ም ክረምት በለንደኑ የርዳታ ኮንሰርት ላይ ታየ፤ እርስዋም በእግዚአብሔር ቸርነት ድና፣ አድጋ፣ በ1997 ዓ.ም በለንደን በሕዝብ ፊት ቆመች። ዓለም ግን ስሟን ከማወቁ በፊት ለዓመታት ያወቀው በሞት አፋፍ ላይ የነበረውን ፊቷን ነው፤ ብዙ ሰውም የአገራችንን መልክ እስከ ዛሬ የሚያውቀው በዚያ ፊት ነው። እንግዲህ ሥዕሉ እንጀራ አምጥቷል፤ የወሰደውም አለ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም የአዲስ አበባ ሕዝብ በተጨፈጨፈ ጊዜም ጣልያኖች ራሳቸው ያነሡአቸው ፎቶግራፎች በኋላ በግፋቸው ላይ ምስክር ሆነውባቸዋል። እንዲህ ያለ ከባድ ምክንያት፣ የብዙ ሰው ሕይወት ወይም ፍርድ፣ ሲኖር መጋረጃው ሊገለጥ ይችል ይሆናል። የገበያ ቀን ጨዋታና የወዳጆች አድናቆት ግን ከዚህ ምክንያት ጋራ አይመዛዘኑም።

ከቡታጅራ መለስ ብሎ በሶዶ ምድር የሚገኙት የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1972 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ቍጥራቸው 36 ነው። እነርሱን ማንም እንደ ወደደ፣ በፈለገው ጎን ቢያነሣቸው አይቀየሙም። በአጠገባቸው ከብት የሚጠብቀው ልጅ ግን ድንጋይ አይደለም። አባትና እናት አሉት፤ ስም አለው፤ ነገ ትልቅ ሰው ይሆናል። በደቡብ ኦሞ የሙርሲ ሰዎች ከጎብኚዎች ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ገንዘብ ሲቀበሉ አይተው የሚያማርሩ አሉ። እኛ ግን የሚያሳዝነን ገንዘቡ አይደለም፤ ሳይጠይቅ የሚወስድ እንግዳ የበዛበት ሰው ፊቱን በዋጋ ከመሸጥ በቀር መከላከያ ማጣቱ ነው። ሰላምታ ከዋጋ መቅደም ይገባው ነበር።

እንግዲህ በየቤታችን ልጆቻችንን ጥቂት ነገር እናስተምራቸው። ሰውን ለማንሣት የፈለገ አስቀድሞ ይቅረብ፤ እጅ ይንሣ፤ «አባቴ»፣ «እናቴ»፣ «እባክዎ ቢፈቅዱልን» ይበል። ምስሉን ለምን እንደሚሻው፣ የትም እንደሚያወጣው በግልጥ ይንገር። ካነሣም በኋላ ስልኩን አዙሮ ያሳያቸው፤ ካልወደዱት በፊታቸው ያጥፋው። እልክልዎታለሁ ብሎ ተስፋ ከሰጠ ይላክ፤ አትሞ ወስዶ ለእጃቸው ቢሰጥ ደግሞ እጅግ የተወደደ ነው፤ በመስቃን መንደሮች የገዛ ፊታቸውን ምስል በግድግዳቸው ሳይሰቅሉ የሚያረጁ፣ ፊታቸው ግን በሰው አገር የሚዞር ብዙ እናቶች አሉና። የሌላ ሰው ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ አይነሣ። በአንድ ገበያ የሚገበያዩን፣ በአንድ ወንዝ የሚጠጡ፣ በመስቀልም ቤታችን የሚመጡ እስላም ጎረቤቶቻችን አሉን፤ ከእነርሱ እናቶችና እኅቶች ብዙዎቹ መነሣት አይወድዱም፤ ሳይነግሩን እናክብርላቸው። «አይሆንም» የተባለም እንደ ሆነ አመስግኖ ይሂድ እንጂ ከሩቅ ተደብቆ አያንሣ። ደግሞም የተላከልንን የሌላ ሰው ኀፍረት ለሦስተኛ ሰው አናሳልፍ፤ ሴምና ያፌትም ነገሩን ከሰሙ በኋላ ነው ልብሱን ያነሡት።

ወላጆችም በዚህ ነገር አርአያ እንሁን። የገዛ ልጃችን ሲያለቅስ፣ ሲታጠብ፣ ሲቈጣ ቀርጸን ለዘመድ ሁሉ እየላክን፣ ልጁ ግን የሌላውን ገበና እንዲሸፍን ብንመክረው ቃላችን ፍሬ አያፈራም። ልጁ ባልንጀራውን ማክበር የሚማረው እኛ እርሱን ስናከብር አይቶ ነው።

እኒያ ቆጮ ሻጭ እናት ዛሬም በቡታጅራ ገበያ በቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ። በመጪው መስቀል ወደ አገር የምትገቡ አንባቢዎቻችን፣ በእርሳቸው ወይም እርሳቸውን በሚመስሉ እናቶች በኩል ብታልፉ፣ አስቀድማችሁ ሰላም በሉአቸው፤ ቆጮአቸውንም ግዙ። ከዚያ ወዲያ ቢፈቅዱላችሁ፣ ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ታግሣችሁ አንሡአቸው። በአርአያውና በአምሳሉ የፈጠረን አምላክ፣ አንዳችን የሌላችንን ፊት በአክብሮት የምናይበትን ልቡና ይስጠን፤ አሜን።